ሥራ ያቆመ የመዳብና የዚንክ ማዕድን ማውጫን መልሶ ማልማት

ለዓመታት ተዘግቶ የቆየን የመዳብና የዚንክ ማዕድን ማውጫ ወደ ምርት ለመመለስ የሚያስብ ባለሀብት በቅድሚያ መመርመር ያለበት ሥራው የቆመበትን ምክንያት ነው። የብረታ ብረት ዋጋ ወድቆ የተዘጋው ዋጋው ሲያገግም ሊያንሰራራ ይችላል፤ ማዕድኑ አልቆ ወይም ውሃው አስቸግሮ የተዘጋውን ግን የዋጋ መሻሻል ብቻውን አይታደገውም።

በአሮጌ ሪፖርት የሰፈረ የክምችት መጠን እንዳለ አይወሰድም። የማዕድን ኩባንያዎች የክምችት መረጃ ለሕዝብ የሚያቀርቡበትን መንገድ የሚወስነው የካናዳው 43-101 ደንብ ብቃት ያለው ባለሙያ ያላረጋገጠውን የቀድሞ ግምት እንደ ወቅታዊ ክምችት ማቅረብን አይፈቅድም። ስለዚህ የቀድሞዎቹን የቁፋሮ ናሙናዎች እንደገና መመርመር፣ በአሮጌዎቹ ጉድጓዶች አጠገብም ጥቂት አዳዲስ ቆፍሮ ውጤቱን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ውሃው ነው። ፓይራይት የተባለው የብረት ሰልፋይድ ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም መዳብ፣ ዚንክና ካድሚየም እያሟሟ ይዞ ይወጣል። በመሆኑም ዋሻዎቹን የሞላውን ውሃ ለመሳብ ፓምፕ ከመተከሉ በፊት፣ ውሃው በኖራ ታክሞ ብረቶቹ የሚዘቅጡበት ጣቢያ ዝግጁ መሆን አለበት። ውሃው ወርዶ ዋሻው ሲገለጥም ወዲያው መግባት አይገባም፤ ሰልፋይዶቹ ኦክስጅንን ስለሚጨርሱ ምንም ሽታ የሌለው አየር ሰው ሊገድል ይችላል። አየር ማናፈስ፣ መለካትና የጣሪያውን ድጋፍ ማደስ ይቀድማሉ።

የማበልጸግ፣ ማለትም ጠቃሚውን ማዕድን ከተፈጨው ድንጋይ የመለየት፣ ሙከራው ለረጅም ጊዜ በተከመረ ድንጋይ ሳይሆን በትኩስ ናሙና መሠራት አለበት። ኦክሳይድ ከሆነው ማዕድን የሚሟሟው መዳብ በዚንክ ማዕድኑ ላይ ስለሚለጠፍ፣ በፍሎቴሽን (የተፈለገውን ማዕድን በአረፋ አንሳፍፎ በመለየት) ጊዜ ዚንኩ ከመዳቡ ጋር ተንሳፍፎ ይወጣል፤ ማቅለጫ ፋብሪካዎችም በመዳብ ኮንሰንትሬት (ተለይቶ በወጣው የበለጸገ የመዳብ ማዕድን) ውስጥ ከመጠን ያለፈ ዚንክ ሲያገኙ ዋጋ ይቀንሳሉ።

ማዕድኑ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ደቃቅ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ግድብ ሥራ ስላቆመ ብቻ አስተማማኝ ነው ማለት አይቻልም። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. በብራዚል ብሩማዲንዮ ተደርምሶ 270 ያህል ሰዎችን የገደለው የብረት ማዕድን ግድብ ዝቃጭ መቀበል ካቆመ ዓመታት አልፈውት ነበር። ስለዚህ የግድቡ ጥንካሬ በገለልተኛ መሐንዲስ ይፈተሽ።

የግዢ ውል ከመፈረሙ በፊት ከማዕድን ማውጫው በላይና በታች ካሉ ወንዞች የውሃ ናሙና በየወቅቱ ተወስዶ ይመዝገብ፤ በውሉም የቀድሞው ብክለት ኃላፊነት የማን እንደሆነ በግልጽ ይስፈር፤ ይህ ካልሆነ አሮጌው ብክለት በአዲሱ ባለቤት ስም ሊቆጠር ይችላል።