አንጋፋ ሮከሮች መድረክ ላይ የሚሠሯቸው የአለባበስ ስህተቶች

ጊታሪስቱ አንገስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ2024 የሮክ ባንዱን የኤሲ ዲሲን የአውሮፓ ኮንሰርቶች ሲጀምር 69 ዓመቱ ነበር። የለበሰው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ቁምጣ፣ ኮት፣ ክራባት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚለብሰው ያው ልብስ፤ ሐሳቡን ያመጣችለት እህቱ ማርጋሬት ናት። ጸጉሩ ሳስቷል፣ ነጭ ሆኗል። እሱ ግን ቁምጣውን ለብሶ ሲወጣ ስታዲየሙ በጩኸት ይናወጣል።

"ሽማግሌ በቁምጣ ምን ይሠራል?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን አንጋፋ ባንድ እንዴት መልበስ እንዳለበት ከእሱ የበለጠ የሚያሳይ ሰው አላየሁም። ቁምጣው ምልክቱ ነው፣ አልጣለውም። ዕድሜውንም አልደበቀም። ለሙዚቀኞች የመድረክ ልብስ ሳስተካክል ያየሁት ስህተት ሁሉ፣ ከሞላ ጎደል፣ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ከመልቀቅ የሚመጣ ነው።

በጣም የተለመደው የድሮውን ልብስ ከቁም ሳጥን አውጥቶ እንዳለ መልበስ ነው።

አንድ አንጋፋ ጊታሪስት ነበሩ፣ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። በወጣትነታቸው የሚለብሱትን ነጭ ጃኬት ይዘው መጡ። በፌስታል ተጠቅልሎ የኖረ፣ ንጹሕ፣ ቁልፎቹ እንኳን ያልጎደሉ። መስታወት ፊት ቆመው ሲለብሱት ሽክ አሉ። እኔም "ያምርብዎታል ጋሼ" አልኩ። ጥፋቱ የኔም ነው። ጊታሩን አንግበው ግራ እጃቸውን ወደ ጊታሩ አንገት ሲዘረጉ የጃኬቱ ትከሻ ጆሮአቸው ድረስ ተሰበሰበ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ብብቱ ቷ አለ። እሳቸው መጫወታቸውን አላቆሙም፣ ግን ከዚያ በኋላ ክንዳቸውን ከጎናቸው ማራቅ ፈሩ፣ እና ፍርሃቱ አጨዋወታቸው ላይ ይሰማ ነበር። የእኔን ልብ የሰበረው ይሄ ነው። ልብሱ ሙዚቃውን ነካው።

ሰውነት ይለወጣል። ትከሻ ጎበጥ ይላል፣ ቦርጭ ይመጣል፣ አንገት ይወፍራል። ስለዚህ ልብሱን ቆመው አይለኩት። መሣሪያውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ እጅ አንስተው፣ ተቀምጠው ይለኩት። ልብስ ሰፊው ብብቱ ላይ ተጨማሪ ጨርቅ ቢያስገባበት ከውጭ ማንም አያይም። ጨርቁ ካረጀ ደግሞ ያንኑ ቀለም፣ ያንኑ ኮሌታ በዛሬው ልክ አዲስ ያሰፉ። ታዳሚው የሚናፍቀው መልኩን እንጂ የ1970ዎቹን ክር አይደለም።

ስለ ጸጉርም እንነጋገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ይሳሳታሉ። ሽበትን ድፍን ጥቁር ቀለም መቀባት! መንገድ ላይ ያስኬድ ይሆናል። መድረክ ላይ ግን ጠንካራ ነጭ መብራት ሲያርፍበት የጫማ ቀለም ይመስላል፣ ላብ ሲመጣ ደግሞ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ ያንን ካሜራው አንስቶ ፎቅ በሚያህል ስክሪን ላይ ያሳየዋል። የኩዊን ባንድ ጊታሪስት ብራያን ሜይን ተመልከቱ። በ2002 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ ጊታር ሲጫወት ያ የተጠቀለለ ጸጉሩ ጥቁር ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ለንግሥት ኤልሳቤጥ ኢዮቤልዩ እዚያው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሲጫወት ጸጉሩ ነጭ ነው። ቅርጹ ግን ያው። ከሩቅ ጥላውን ብቻ አይታችሁ ማን እንደሆነ ትናገራላችሁ። እንዲያውም ነጩ ጸጉር መብራቱን ስለሚቀበል ከድሮው በላይ ያበራል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። አንጋፋ ባንድ ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ይለቃል፣ አዲስ ሰው ይተካል። አዲሱን ሰው ምን ታለብሱታላችሁ?

ስህተቱ የሟቹን ልብስ ማልበስ ነው። አዳም ላምበርት ከኩዊን ጋር መዝፈን ሲጀምር ሟቹ ድምፃዊ ፍሬዲ መርኩሪ በ1986 ዌምብሌይ ላይ የለበሳትን ቢጫ ጃኬት ደርቦ ቢወጣ ኖሮ ሰው አንድ ጊዜ ያጨበጭብለት ነበር፣ ከዚያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከፍሬዲ ጋር ሲያወዳድረው ያድር ነበር። እሱ ግን በራሱ የቆዳ ልብስና በራሱ ብልጭልጭ ወጣ። ማንንም ለመምሰል ስላልሞከረ ሰው ተቀበለው።

ኪስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ሌላ መንገድ ሄደ። የአራቱ ፊት ላይ ያለው ቀለም ለእያንዳንዱ የራሱ ነው፦ አንዱ ጋኔን፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ የጠፈር ሰው፣ አንዱ ድመት። የጠፈሩ ሰውና ድመቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባንዱን ሲለቁ የተተኩት ሰዎች ያንኑ ቀለም ተቀቡ፣ ባንዱም በታኅሣሥ 2023 ኒውዮርክ ላይ እስከተሰናበተበት ምሽት ድረስ እንደዚያው ቀጠለ። አድናቂዎቹ ዛሬም ይጨቃጨቁበታል። እኔ የሚቃወሙትን እደግፋለሁ፣ ያ ፊት የሰውዬው እንጂ የባንዱ አልነበረም።

ዚዚ ቶፕ የተባለው ባንድ ግን ይለያል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ደስቲ ሂል በ2021 ሲያርፍ የተተካው ኤልዉድ ፍራንሲስ ለብዙ ዓመታት ጊታራቸውን የሚያሰናዳላቸው ባለሙያ የነበረ ሰው ነው። እሱም ረጅም ጺም አለው። ይሄ አይከፋም፣ ምክንያቱም ጺሙ የደስቲ ብቻ አልነበረም፣ ከፊት የሚቆሙት የሁለቱም ነው። የባንዱ ዩኒፎርም በሉት። (የሚገርመው ደግሞ ድራመራቸው፣ ስሙ በእንግሊዝኛ "ጺም" ማለት የሆነው ፍራንክ ቢርድ፣ ያን ረጅም ጺም ያላሳደገው እሱ ብቻ ነው።) እና ከማልበሳችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህ ምልክት የባንዱ ነው ወይስ የሰውዬው?

ጥቁር በጥቁር መልበስም አለ። ሮከር ጥቁር ይወዳል፣ አውቃለሁ። ግን ከኋላ ያለው መጋረጃ ጥቁር፣ ሱሪው ጥቁር፣ ሸሚዙ ጥቁር ሲሆን ከሩቅ የሚታየው አየር ላይ የሚንሳፈፍ ፊትና ሁለት እጅ ነው። ጥቁሩን አትተዉ፤ የሚያበራ የቆዳ ልብስ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ሸሚዝ ወይም አንገት ላይ ሻርፕ ጨምሩበት፣ የመብራት ባለሙያውም ከኋላ ትከሻችሁን እንዲያበራ ንገሩት። ቀጫጭን መስመር ያለውን ሸሚዝ ግን ቤት አስቀሩት። ካሜራ ሲያነሳው መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ይርመሰመሳሉ።

ላብን የሚረሳ ብዙ ነው። ግራጫ ጥጥና ሳቲን ላብን ወዲያው ያሳያሉ። ነጭ፣ ጥቁርና አበባ ያለው ጨርቅ ይደብቃሉ። የሮሊንግ ስቶንሱ ድምፃዊ ሚክ ጃገር በ80 ዓመቱ በ2024 አሜሪካን ሲዞር የሚያደርገውን እዩ፦ የሚያብለጨልጭ ጃኬት ደርቦ ይወጣል፣ ሲሞቀው ያወልቀዋል፣ ከስር ያለው ቀለል ያለ ነው። ማውለቁ ራሱ ትርኢት ነው። ከኋላው ለአሥርተ ዓመታት የተቀመጠው ቻርሊ ዋትስ ደግሞ ከመድረክ ውጭ ለንደን ውስጥ በልኩ በተሰፋ ሱፍ የታወቀ ዘናጭ ነበር፣ ከበሮው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለብሰው ቀላል ሸሚዝ ወይም ቲሸርት ነበር። ድራመር ክንዱ ነጻ መሆን አለበት።

ሁሉም የፈለገውን ለብሶ መምጣትም ጥሩ አይደለም። አንዱ በሱፍ፣ አንዱ በኳስ ማልያ። አንድ ዓይነት ልበሱ ማለቴ አይደለም፣ ግን ቀለሙ ይተዋወቅ። የእኛ የድሮ የሆቴል ባንዶች ይህንን በደንብ ያውቁት ነበር። ነፍሱን ይማርና "የኢትዮጵያ ኤልቪስ" ይባል የነበረው አለማየሁ እሸቴም በጸጉሩና በአለባበሱ ገና ሳይዘፍን ዓይን ይይዝ ነበር።

ጫማ ላይ አጭር ነገር፦ አዲስ ለስላሳ ሶል መድረክ ላይ ያንሸራትታል፣ ሹል ጫፍ ያለው ጫማ ደግሞ መሬት ላይ ካሉት የጊታር ድምፅ መቀየሪያ ፔዳሎች አንዱን ሲረግጥ ሁለት ይነካል። ትልቅ የቀበቶ ዘለበት የጊታሩን ጀርባ ይቧጭራል።

መቀመጥን እንደ ውርደት ማየት ደግሞ የምር ያሳዝነኛል። ጉልበት አልችል ሲል ሁለት ሰዓት ለመቆም መታገል ለምን? የብላክ ሳባቱ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝበርን በሐምሌ 2025 በትውልድ ከተማው በርሚንግሃም ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘፍን ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ ሕመም ይዞት ነበር፣ መራመድም አይችልም ነበር። ጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጦ ከመድረኩ ስር ወጣ። ሰው ያለቅስ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አረፈ። ፊል ኮሊንስም የባንዱን የጄነሲስን የስንብት ኮንሰርቶች ወንበር ላይ ሆኖ ነው የዘፈነው፣ ልጁ ከኋላው ከበሮ ይመታለት ነበር። ወንበሩን ምረጡት እንጂ ከጓዳ የፕላስቲክ ወንበር አታምጡ። ልብሱንም ለተቀመጠ ሰው አሰፉት፦ ሱሪው ሲቀመጡ ወደ ላይ ስለሚሳብ ረዘም ይበል፣ ካልሲውም ይታሰብበት፣ ኮቱ ሆድ ላይ እንዳይከመር ከፊት አጠር ይበል።

ስክሪኑ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የወጣትነት ፎቶ ማሳየትም አይመከርም። አንድ ዘፈን ላይ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ታዳሚው የሚያየው ፎቶውን ነው።

ጋሼ በኋላ አዲስ ጃኬት አሰፉ። ነጭ፣ ያው ኮሌታ፣ ብብቱ ሰፋ ያለ። ልምምድ ላይ ሙሉውን ለብሰው፣ መብራቱ በርቶ፣ እኔ መጨረሻው ረድፍ ሄጄ በስልክ ቀረጽኳቸው። ቪዲዮውን ሲያዩ ስለ ጃኬቱ ምንም አላሉም። "ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቸኩያለሁ" ነው ያሉት።