የድሮ ሳምፕለር ፍሎፒዎችን እንዴት እናድናለን?

ሳምፕለር ድምፅ ቀድቶ መልሶ የሚያጫውት የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ የድሮዎቹ ድምፁን የሚያስቀምጡት በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ከሁሉም በፊት ፍሎፒውን ገልብጡትና ጥግ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ፕላስቲክ ግፏት። ቀዳዳዋ ተከፍታ ብርሃን ማሳለፍ አለባት። ያኔ ዲስኩ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። በሌላኛው ጥግ ያለው ቀዳዳ መዝጊያ የለውም፤ እሱን ተዉት።

ይህን የማስቀድመው አንዴ ስለተቃጠልኩ ነው። አካይ ኤስ1000 በተባለው ሳምፕለር የቀዳኋቸውን የክራር ድምፆች ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ብዬ ዲስኩን በዩኤስቢ ፍሎፒ ማንበቢያ ከተትኩት። ኮምፒውተሩ ዲስኩ ፎርማት መደረግ አለበት አለኝ። ባዶ መሰለኝና እሺ የሚለውን ነካሁ። ማንበቢያው ትንሽ ተንገራገጨ፤ ሲያበቃ ክራሩ የለም። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ዲስኩ ባዶ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ አነባበቡን ስለማያውቅ ነው። ኮምፒውተር በአንድ ትራክ፣ ማለትም በዲስኩ ላይ ባለ አንድ ክብ መስመር፣ 18 ሴክተር (ቁራጭ) ይጽፋል፤ እያንዳንዱ 512 ባይት። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስ1000 ደግሞ በዚያው ትራክ 10 ሴክተር ብቻ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ግን 1024 ባይት ነው። ለዚህ ነው ተራው ዲስክ 1.44 ሜጋባይት ሲይዝ የአካዩ 1.6 የሚይዘው። በ44.1 ኪሎኸርዝ ሞኖ ሲቀዳ 18 ሰከንድ ያህል ድምፅ መሆኑ ነው። የዩኤስቢ ማንበቢያ በውስጡ ያለው ቺፕ የኮምፒውተሩን አጻጻፍ ብቻ ነው የሚያውቀው። ምንም ሶፍትዌር ብትጭኑ አይለወጥም። ገንዘባችሁን አታባክኑበት።

የሚያዋጣው ግሪስዊዝል የምትባለው፣ የድሮ ፍሎፒ ድራይቭን ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ከድሮ ዴስክቶፕ የወጣ ባለ 34 ፒን ፍሎፒ ድራይቭ ፈልጉና በሪባን ገመድ ከእሷ ጋር አገናኙት። እሷን በዩኤስቢ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ። ድራይቩ ለብቻው 5 ቮልት እንዲያገኝ አድርጉ። በሰሌዳዋ ሶፍትዌር ላይ ፎርማቱን አካይ 1600 በሉት። ከኤስ1000 በፊት የነበረው የአካይ ኤስ900 ሳምፕለር ዲስክ ከሆነ አካይ 800 ነው።

ዲስክ ከመክተታችሁ በፊት የብረት መከለያውን ገለጥ አድርጋችሁ ጥቁሩን ፊልም በብርሃን እዩት። ነጭ ነጠብጣብ ካለው ሻግቷል ማለት ነው፤ አትክተቱት። የድራይቩ ጭንቅላት ሻጋታውን ይዞ ቀጣዩን ዲስክ ይቧጭራል። ሴክተር አልነበብ ካለ ጭንቅላቱን አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ጥጥ ጠርጉና ድገሙት። በሦስተኛው ሙከራ የተነበቡልኝ ብዙ ናቸው። የወጣውን ኢሜጅ ፋይል፣ ማለትም የዲስኩን ሙሉ ቅጂ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ከዚህ በኋላ ሳምፕለሩ ላይ ጎቴክ መግጠም ቀላል ነው። ጎቴክ በፍሎፒ ድራይቩ ቦታ ገብቶ ፍላሽ ላይ ያሉ ኢሜጅ ፋይሎችን እንደ ፍሎፒ የሚያነብ ዕቃ ነው። አብሮት የሚመጣው ሶፍትዌር የአካይን አጻጻፍ ስለማያውቅ፣ ፍላሽፍሎፒ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑበትና ቅንብሩ ላይ ሆስት የሚለውን አካይ አድርጉ። ሳምፕለሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ነው የምትሠሩት። የድራይቭ መምረጫዋን ጃምፐር (ፒኖች ላይ የምትሰካ ትንሽ ቆብ) ከአሮጌው ድራይቭ ጋር አንድ አድርጓት። ሳምፕለሩ ዲስክ የለም ካለ ኢንተርፌስ የሚለውን ከሹጋርት ወደ አይቢኤም ፒሲ ቀይሩና ሞክሩ። ፍላሹ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት የተደረገ ይሁን።

ስካዚ፣ ማለትም ሳምፕለሩን ከሃርድ ዲስክ ጋር የሚያገናኘው መስመር፣ ይሻላል የሚሉ አሉ። ኤስ1000 ላይ ግን ስካዚ ተጨማሪ ካርድ ይፈልጋል። ካርዱ ከሌላችሁ ጎቴክ ይበቃል ባይ ነኝ።

በመጨረሻ ጎቴኩ መሥራቱን ለማረጋገጥ አንድ ድምፅ ሴቭ አድርጉ፣ ሳምፕለሩን አጥፉ፣ አብሩና መልሳችሁ ጫኑት። ከተጫነ ጨርሳችኋል። የፍሎፒዎቹን ካርቶን ከስፒከር አርቁት፤ ስፒከር ማግኔት አለው።