ቱባ ስትገዛ የሚያዳምጥልህ ሰው ይዘህ ሂድ

ባለፈው ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ማኪያቶ እየጠጣን አንድ ቱባ (ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቁን የናስ ጥሩንባ) የሚነፋ ልጅ «ጋሼ፣ ውጭ ያለው ዘመዴ ሊገዛልኝ ነው፣ የቱን ልበለው?» አለኝ። ስልኩ ላይ የሰበሰበው ፎቶ ሁሉ ግዙፍ ግዙፉ ነው። ሳቄ መጣ። እኔም በሱ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ፣ ቱባ እንደ ስሙ ቱባ ካልሆነ ምኑን ቱባ ሆነ ባይ።

አንዴ ከሰው ተውሼ ትልቁን፣ 6/4 የሚባለውን፣ መድረክ ላይ ይዤ ወጣሁ። እኔ ጆሮ ላይ ምድር ያንቀጠቅጣል። ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ የነበረው ጓደኛዬ ግን «ሙዚቃውንስ እንጃ፣ ትንፋሽህን ሰምቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዬን ቱባ መርጬ አላውቅም።

መጠኑን በቁጥር አትመን። 3/4፣ 4/4፣ 5/4፣ 6/4 የሚሉት የቱቦውን ውፍረትና ድምፅ የሚወጣበትን የሰፊ አፉን ስፋት እንጂ ርዝመቱን አይነግሩህም፣ ያውም አንዱ ፋብሪካ 4/4 ያለውን ሌላው 5/4 ሊለው ይችላል። ትልቁ ድምፁን ሰፋ አድርጎ ይበትነዋል፣ ትንሹ ሰብሰብ አድርጎ ያወጣዋል። ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ትልቅ ቱባ ደግሞ አየር ጠጪ ነው። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ቱባ ነፊ አርኖልድ ጃኮብስ በቺካጎ ሲምፎኒ ከ1944 እስከ 1988 ሲጫወት የታወቀው ዮርክ በሚባል ግዙፍ ቱባ ነው፣ አውቃለሁ። እሱ ግን ጃኮብስ ነው።

ርዝመቱን የሚወስነው ቁልፉ፣ ማለትም ቱባው የተቃኘበት ድምፅ ነው። ቢ ፍላቱ ሲዘረጋ 5.5 ሜትር ገደማ፣ ሲው 4.9፣ ኢ ፍላቱ 4፣ ኤፉ 3.7 ይሆናል። በ1835 በርሊን ላይ ቪፕሬሽትና ሞሪትስ ያስመዘገቡት የመጀመሪያው ቱባ ኤፍ ነበር፣ ዛሬ ኤፍ በብዛት ለሶሎና ለላይኛው ድምፅ ነው የሚፈለገው። የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ሲ ይወዳሉ፣ ጀርመኖች ቢ ፍላት፣ የእንግሊዝ ብራስ ባንዶች ደግሞ ኢ ፍላትንም ቢ ፍላትንም ይይዛሉ። ማርሽ ባንድ ውስጥ ከሆንክና ጣትህ ቢ ፍላት ከለመደ፣ ለወሬ ብለህ ወደ ሲ አትዝለል፤ ጣትህን እንደገና ሀ ሁ ልታስቆጥረው ነው።

ቫልቩ፣ ማለትም ድምፅ ለመቀየር በጣት የምትጫነው ክፍል፣ ፒስተን (ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ) ይሁን ወይስ ሮታሪ (የሚሽከረከር) የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ለኔ ፒስተኑ ኖታው ሲነሳ ጥርት ይልልኛል፣ ሮታሪው ከኖታ ወደ ኖታ ሲያሻግረኝ ይለሰልሳል። የሚያሳስበኝ ግን ጥገናው ነው። ፒስተንን ቤትህ ፈትተህ፣ ጠርገህ፣ ዘይት ቀብተህ ትመልሰዋለህ፣ ሮታሪን መፍታት ግን የሰለጠነ እጅ ይፈልጋል። አራተኛ ቫልቭ የሌለውን እንዳታየው። ሲ ወይም ኤፍ ከሆነ አምስተኛም ይኑረው።

አሁን ወደ ሙከራው። የራስህን ማውዝፒስ (ከንፈርህን የምታሳርፍበትን) ይዘህ ሂድ፣ ግን ቱባው ውስጥ የሚገባው የአውሮፓው እግር ከአሜሪካው ወፈር ስለሚል ገጥሞ መቀመጡን በጣትህ ነቅነቅ አድርገህ እይ። ከተወዛወዘ የሞከርከው ቱባውን አይደለም። ዕቃው ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ስለዚህ በሐምሌ ጠዋት ከሆነ አሥር ደቂቃ ሳታሞቀው ቱዩነር (የቅኝት መለኪያ) አታውጣ። መጀመሪያ ቀስ ያለ ረጅም ኖታ፣ ከዚያ ታች ላይ ትዝታ በዝግታ። ቀጥለህ አንቺ ሆዬ፤ ተጠጋግተው የተቀመጡት ድምፆች ስላሉበት ያልተስተካከለ ዕቃ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ቢ ፍላት ላይ መሃል ያለችውን ሬ ያለ ምንም ቫልቭ ንፋት፣ ከዚያ 1ኛና 2ኛ ቫልቭ ተጭነህ። ያለ ቫልቭ የተነፋችው በተፈጥሮዋ ዝቅ ትላለች፣ ጥያቄው ምን ያህል ነው። ከንፈርህ በየጊዜው ወደ ላይ መጎተት ካለበት በማታው ፕሮግራም ትደክማለህ።

ያገለገለ ከሆነ፣ ቫልቩን ሳትጫን የሱን ስላይድ (ተንሸራታች ቱቦ) ትንሽ ሳብ አድርገህ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ቫልቩን ተጫን። «ፖ» ካለ አየር ይዟል። ዝም ካለ ያፈሳል።

ከዚያ ያ የሚያዳምጥልህ ሰው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቱባ ወፍራም ነው፣ ጠባብ ክፍል ያታልላል። አዳራሽ ለምነህ አግኝ፣ ጓደኛህን ሃያ ሜትር አርቀህ ፊቱን አዙረህ አስቀምጥ፣ የቱ እንደሆነ ሳትነግረው የምታወዳድራቸውን ሁለት ቱባዎች በአንድ ዜማ ንፋለት። «የትኛው ያምራል?» አትበለው፣ «የትኛው አንተን አንተን ይላል?» በለው። እኔ ዘንድ መልሱ ሁሌም እጄ ላይ የቀለለኝ ሆኖ ነው የተገኘው። ለልጁ ዘመዱ መግዛት ካለበት ግን ቱባ የሚነፋ ሰው ይዞ ይሂድ፣ ደግሞ መመለስ የሚቻልበትን ሱቅ ይፈልግ። ፎቶ ድምፅ የለውም።

ሳጥኑ ጎማ ያለው ይሁን። ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚኒባስ ስትወርድ ወያላው አይቶህ «የሁለት ሰው!» ይልሃል። አትከራከረው፣ ከፍለህ ግባ።