ሆርታ ላይ ቅዳሜና እሑድን እንዴት ማሳለፍ ይቻላል (ቀለሙ እስኪደርቅ)

ከካሪቢያን ተነስቶ በሸራ ጀልባ ወደ አውሮፓ የሚያቋርጥ ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ከውሃ ሌላ ነገር አያይም። ከዚያ የፖርቱጋል የሆነችው የአዞሬስ ደሴት ፋያል ብቅ ትላለች። ወደቧ ሆርታ ይባላል። ጀልባቸውን ቤት ያደረጉ ሰዎች እዚህ ይገናኛሉ፣ እንቅልፍ ይጠግባሉ፣ የተቀደደ ሸራ ይጠግናሉ፣ ከዚያ ወርደው የወደቡ ግንብ ላይ ሥዕል ይሥላሉ። የጀልባውን ስም ሳይጽፍ የወጣ ባሕር ላይ ክፉ ይገጥመዋል ይባላል። በሟርት ባላምንም እኔ ብሆን አልሞክረውም።

1. መጀመሪያ ወረቀት። ከውጭ አገር የገባ ጀልባ ቢጫ ባንዲራ ይሰቅላል፤ የፓስፖርትና የጉምሩክ ጉዳይ ሲያልቅ ያወርደዋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የሰው ጀልባ ላይ በረዳትነትም ቢሆን የምትመጡ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ይሄ ባሕር ላይ ሆኖ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

2. ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። መሬት ስትረግጡ መሬቱ ራሱ ይወዛወዛል፤ ሰውነት ማዕበሉን ለምዶት ነው። ሻወር ውስጥ ዓይን ጨፍኖ ፀጉር መታጠብ ደግሞ የባሰ ነው፣ አንድ እጃችሁ ግድግዳውን ይያዝ።

3. ሆዳችሁን አታስደንግጡ። ብቻውን በሸራ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያው የሆነው ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1895 እዚሁ አርፎ ነበር። ከደሴቱ ከወጣ በኋላ የተሰጠውን ነጭ አይብ ፕለም ከሚባል ፍሬ ጋር አንድ ላይ በላ። ሆዱን ቆርጦት ወለሉ ላይ ተዘረረ፣ ቀና ሲል የኮሎምበስ ዘመን መርከበኛ የጀልባውን መሪ ይዞ አየ፤ ሰውዬው አይብና ፕለም በመቀላቀሉ ገሠጸው። እና ልከኛ ምግብ ብሉ።

4. ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ ወደ ቀለም። ትንንሽ ሱቆች ከሰዓት ሊዘጉ ስለሚችሉ የውጭ ግድግዳ ቀለም፣ የወረቀት ፕላስተርና ሁለት ቡሩሽ በጊዜ ግዙ። ቦታ ስትመርጡ ደብዝዞ ስሙ የማይነበብ ሥዕል ፈልጉ። የሰው አዲስ ሥዕል ላይ መቀባት ነውር ነው! ሲሚንቶውን በሽቦ ቡሩሽ ፈግፍጉት፣ ጨውና የተላጠ ቀለም ካለበት አዲሱም ይላጣል። አጥቡት፣ ሲደርቅ መደቡን አንድ ቀለም ቀቡ። ከዚያ ተዉት። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ፊደሉን እርጥብ ላይ ይጽፋል፣ ስሙም ወደ ታች ይፈሳል።

5. እስኪደርቅ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ። እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ያለው ፒተር ካፌ ስፖርት ቁጭ ብሎ ጂን ቶኒክ መጠጣት አንዱ ነው፤ ድሮ የመርከበኞችን ደብዳቤ ተቀብሎ ያስቀምጥላቸው ነበር። ሁለተኛው ካፔሊኞስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሕር ውስጥ የፈነዳው እሳተ ገሞራ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳየውን የመብራት ማማ እስከ ወገቡ በአመድ ቀብሮታል። ሦስተኛው በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ተሻግሮ ጎረቤት ደሴት ፒኮ መሄድ። 2,351 ሜትሩን ተራራ መውጣት ግን ለዛሬ ይቅር፣ እግራችሁ ገና መሬት አልለመደም።

6. እሑድ ፊደሉን ጨርሱ። ፊደሉን ካርቶን ላይ ቆርጣችሁ አውጡና፣ ካርቶኑን በፕላስተሩ ለጥፋችሁ በቀዳዳው ብትቀቡ ይስተካከላል፤ የጀልባው ስም፣ ዓመቱና የተሳፋሪዎቹ ስም ይበቃል። ሰማዩ ቢጠቁር አትገረሙ፣ አዞሬስ በአንድ ቀን ዝናብም ፀሐይም ያሳያል፤ ፕላስቲክ አዘጋጁ። ሲደርቅ ቫርኒሽ ደርቡበትና ፎቶ አንሱት፣ ስትመለሱ ላታገኙት ትችላላችሁ።

የተረፈውን ቀለም ለጎረቤት ጀልባ ስጡ። ይዛችሁት ከወጣችሁና ክዳኑ ማዕበል ላይ ከተከፈተ፣ የሚቀባው ፍራሻችሁ ነው።