ከባክቴሪያ ጂኖም የክትባት ዒላማ ማበጠር፦ መጀመሪያ ወንፊቱን ፈትሹ

መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን የሚከላከል ክትባት ለመሥራት ዒላማ በኮምፒዩተር መፈለግ በአጭሩ ማበጠር ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ አምስት ሺህ ያህል ጂን አለው። ከዚያ ውስጥ በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ የተቀመጡ፣ በአብዛኞቹ ዝርያዎች የሚገኙና ባክቴሪያው ሰው ውስጥ ሲገባ የሚመረቱ ፕሮቲኖች ይፈለጋሉ። ብዙዎች ወንፊት (ያላሟላውን ፕሮቲን የሚጥል መመዘኛ) በወንፊት ላይ ደርድረው ሦስት ፕሮቲን ሲቀራቸው ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ከቀሩት በፊት ግን መታየት ያለባቸው የወደቁት ናቸው፤ ጥሩው ዒላማ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነውና።

መልሱ በሚታወቅ ባክቴሪያ ጀምሩ

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተሠራው ክትባት የማጅራት ገትር መንስኤ የሆነውን ሜኒንጎኮከስ ቢን የሚከላከለው ነው። ኤምሲ58 የተባለው ዝርያ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የዘር መረጃው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ከሁለት ሺህ በላይ ከሆኑት ጂኖች ወደ 570 የሚጠጉት በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚገኙ ወይም ወደ ውጭ የሚላኩ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ ተብለው ተለዩ፤ 350 ያህሉ ፕሮቲን በኢ ኮላይ ተመርቶ በአይጦች ተሞከረ። ከዚያ ከተገኙት መካከል ሦስቱ፣ ማለትም ኤፍኤችቢፒ፣ ናድኤ እና ኤንኤችቢኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ ባገኘው ክትባት ውስጥ ገቡ።

የራሳችሁን ባክቴሪያ ከመንካታችሁ በፊት የሜኒንጎኮከስ ቢ ጂኖሞችን አውርዳችሁ በአሰባችሁት የማበጠሪያ መስመር አሳልፏቸው፤ ከዚያ ሦስቱን ፈልጓቸው። በኤምሲ58 ላይ መለያቸው ኤንኤምቢ1870፣ ኤንኤምቢ1994 እና ኤንኤምቢ2132 ነው። «በ95 በመቶ ዝርያዎች ያልተገኘ ይጣል» ብላችሁ ከሆነ ናድኤ አይኖርም፤ የናድኤ ጂን በብዙ ዝርያዎች ውስጥ የለምና። «ከ90 በመቶ በታች የሚመሳሰል ይጣል» ካላችሁ ደግሞ ኤፍኤችቢፒ ይወድቃል፤ በሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች የተከፈለ ፕሮቲን ሲሆን በቤተሰቦቹ መካከል ያለው መመሳሰል ከ60 እስከ 75 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የተለመዱት ሁለት ወንፊቶች ብቻ ከሦስቱ የተረጋገጡ ዒላማዎች ሁለቱን ጣሉ ማለት ነው።

ስለዚህ መጣልን ትታችሁ ነጥብ ስጡ። እያንዳንዱ ፕሮቲን አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ መመዘኛ አንድ ዓምድ ይሁን። ሙሉ በሙሉ የሚያስጥሉት ሁለት ምክንያቶች ብቻ ናቸው፦ በእርግጠኝነት በሕዋሱ ውስጠኛ ፈሳሽ ብቻ የሚገኝ መሆን፣ እና ከሰው ፕሮቲን ጋር በግልጽ መመሳሰል።

ጂኖሞቹን መምረጥ

የሕዝብ የመረጃ ቋቶች ሚዛናዊ አይደሉም። ወረርሽኝ ያስነሳ ዝርያ ብዙ ጊዜ ስለሚነበብ ኤስቲ258ን የመሰሉ የክሌብሲየላ ዓይነቶች ቋቱን ያጥለቀልቁታል። ሁሉን ካወረዳችሁ «በሁሉም ዘንድ አለ» የምትሉት ነገር «በኤስቲ258 ዘንድ አለ» ማለት ብቻ ይሆናል። ከአንድ ዓይነት፣ ከአንድ አገር፣ ከአንድ ዓመት ከአምስት በላይ አትውሰዱ። ከ300 እስከ 500 ጂኖም ለመጀመሪያ ዙር ይበቃል።

ጥራቱን ቼክኤም በተባለው ፕሮግራም መዝኑ፦ ሙሉነቱ ከ95 በመቶ በታች ወይም ብክለቱ ከ2 በመቶ በላይ ከሆነ አይግባ። ጂኖሙ ሲገጣጠም ከ500 በላይ ቁርጥራጭ ሆኖ የቀረውንም ተዉት። ጂኖችን የመለየቱን ሥራ ለሁሉም በአንድ መሣሪያና በአንድ ስሪት፣ ለምሳሌ በባክታ፣ እንደ አዲስ አሠሩ። ከቋቱ ጋር የመጣውን ስያሜ ከተጠቀማችሁ የጂን መጀመሪያ በተለያየ ቦታ ይቆረጥና አንዱ ፕሮቲን ሲግናል ፔፕታይድ (ፕሮቲኑ ከሕዋሱ ፈሳሽ እንዲወጣ የሚያዝ የመጀመሪያ ክፍል) ያለው፣ ሌላው የሌለው ይመስላል።

ጂኖችን በቤተሰብ ማሰባሰብ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ወጥመድ አለ። ሮሪ የተባለው የማሰባሰቢያ ፕሮግራም ቅንብሩ ካልተነካ ፕሮቲኖችን አንድ ቤተሰብ ለማለት 95 በመቶ መመሳሰል ይጠይቃል። በፀረ እንግዳ አካላት ጫና የሚለዋወጥ የገጽ ፕሮቲን በዚህ ወሰን አራትና አምስት ቦታ ይበታተናል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በጥቂት ዝርያዎች ብቻ የሚገኝ ሆኖ ይታያል። ሌላው ፕሮግራም ፓናሩ የጎረቤት ጂኖችን አቀማመጥ እየተመለከተ እስከ 70 በመቶ ድረስ ስለሚያዋህድ ለዚህ ሥራ ይሻላል። «በሁሉም የሚገኝ» ለማለት 99 ሳይሆን 95 በመቶን ተጠቀሙ፤ ባልተሟላ የጂኖም ግጥምጥም ውስጥ ጥቂት ጂኖች ሁልጊዜ ይጎድላሉ።

ፕሮቲኑ የት ነው ያለው?

የሥራው ልብ ይህ ነው። በቅደም ተከተል ሂዱ፦ መጀመሪያ ሲግናል ፔፕታይድን የሚለየው ሲግናልፒ 6፣ ከዚያ ሲግናል ፔፕታይዱን ቆርጦ መጣል፣ ከዚያ ሽፋን ሰንጥቀው የሚያልፉ ክፍሎችን የሚፈልገው ዲፕቲኤምኤችኤምኤም፣ በመጨረሻ የፕሮቲኑን ቦታ የሚገምተው ፒሶርትቢ። ቅደም ተከተሉን የሚገለብጡ፣ በተለይ የቆየውን ቲኤምኤችኤምኤም የሚጠቀሙ፣ ይሳሳታሉ፤ ሲግናል ፔፕታይድ ውኃ የሚሸሽ ክር ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 60 አሚኖ አሲዶች ውስጥ ሽፋን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሂሊክስ (ጥምዝምዝ ክር) ይመስላል። ቲኤምኤችኤምኤም የበርሜል ቅርጽ ያላቸውን የውጭ ሽፋን ፕሮቲኖችም አያውቃቸውም፤ «ሂሊክስ የለውም» የሚለውን መልስ «ሽፋን ላይ የለም» ብላችሁ አትተርጉሙት። ፒሶርትቢ 7.5 ነጥብ ካልሞላለት «አይታወቅም» ይላል። እነዚህን አትጣሏቸው፤ ለብቻ አስቀምጡና በእጅ እዩዋቸው።

ሊፖፕሮቲኖችን፣ ማለትም በስብ ሽፋን ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖችን፣ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። በሲግናል ፔፕታይዱ መጨረሻ ሉሲን፣ አላኒን ወይም ሰሪን፣ ግላይሲን ወይም አላኒን፣ ከዚያ ሲስቴይን የተባሉ አሚኖ አሲዶችን ታገኛላችሁ፤ ስቡ የሚያያዘው በሲስቴይኑ ላይ ነው። ቀጥሎ ያለውን አሚኖ አሲድ አንብቡ። በኢ ኮላይና በዘመዶቹ ከሲስቴይኑ ቀጥሎ አስፓርቴት ካለ ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ በውስጠኛው ሽፋን ላይ ይቀራል። አንድ አሚኖ አሲድ የወራት የላብራቶሪ ሥራ ያድናል። በውጭው ሽፋን ላይ መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ ብዙዎቹ ሊፖፕሮቲኖች ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው።

ክሌብሲየላ ላይ ደግሞ ካፕሱሉ አለ። ወፍራሙ የስኳር ሽፋን አጭር ፕሮቲንን ይቀብረዋል። ከካፕሱሉ በላይ ለሚዘልቁ እንደ ሶስተኛው ዓይነት ፊምብሪያ (ከገጹ የሚወጡ ፀጉር መሰል የፕሮቲን ክሮች) ላሉት ከፍ ያለ ነጥብ ስጡ።

የቀሩት ዓምዶች

ቅደም ተከተሎችን በሚያመሳክረው በብላስት ከሰው ፕሮቲኖች ጋር አወዳድሩ፤ በ80 አሚኖ አሲድ ርዝመት ላይ 35 በመቶና ከዚያ በላይ የሚመሳሰል ይውጣ። ብላስት የማያየውም አለ። ኤፍኤችቢፒ ፋክተር ኤች የተባለውን የሰው የደም ፕሮቲን ይይዛል፤ የአይጥን ግን አይዝም። እንዲህ ያለ ዒላማ በተራ አይጥ ላይ የሚያሳየው ውጤት ሰው ላይ ከሚያሳየው ሊለይ ይችላል።

ጂኑ መቼ እንደሚበራ ከታተሙ የአርኤንኤ መረጃዎች አረጋግጡ፤ በላብራቶሪ የምግብ ሾርባ ሳይሆን በሰው ሴረም (ሕዋሳቱና የረጋው በወጡለት የደም ፈሳሽ) ወይም ብረት በሌለበት ያደገውን ምረጡ። «ለሕይወቱ አስፈላጊ ጂን ይሁን» የሚለው መመዘኛ ከመድኃኒት ዒላማ ፍለጋ የተቀዳ ነው፤ ለክትባት አያስፈልግም። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው ፕሮቲኑን በማሰናከል ብቻ አይደለም፤ ሕዋሱ ላይ ተለጥፎ ኮምፕሊመንትን (ባክቴሪያ የሚገድሉ የደም ፕሮቲኖችን) እና ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራል።

አንድ ፕሮቲን የመከላከል ምላሽ ያስነሳ እንደሆነ በነጥብ የሚገምተው ቫክሲጄን ለባክቴሪያ 0.4ን ወሰን ያደርጋል። እንደ አንድ ዓምድ ይግባ እንጂ በር ጠባቂ አይሁን። አጫጭር ኤፒቶፖችን (የሰውነት መከላከያ የሚያውቃቸውን የፕሮቲን ቁርጥራጮች) ጂፒጂፒጂ በተባለ አጭር የአሚኖ አሲድ ማያያዣ ሰፍቶ ቲኤልአር4 ከተባለው የሰውነት መከላከያ ተቀባይ ጋር በኮምፒዩተር ማጣመር ፋሽን ሆኗል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ባክቴሪያ የሚገድሉት ፀረ እንግዳ አካላት ብዙውን ጊዜ የሚያውቁት የታጠፈውን ቅርጽ ነው። ይልቅ የፕሮቲን ቅርጽ በሚተነብየው በአልፋፎልድ ቅርጹን ሠርታችሁ ከዝርያ ዝርያ የሚለዋወጡትን አሚኖ አሲዶች ቀይ ቀለም ቀቡባቸው። ከሕዋሱ ውጭ የሚታየው ሉፕ (የፕሮቲኑ ቀለበታማ ክፍል) በሙሉ ከቀላ፣ 95 በመቶ መመሳሰል ያለውም ፕሮቲን ለክትባት ደካማ ነው።

ይህ መስመር በሙሉ ስኳርን አያይም። በኒሞኮከስና በሂብ (ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ) ላይ ውጤታማ የሆኑት ክትባቶች የተሠሩት ከካፕሱል ስኳር ነው። ስለዚህ በዚያው የጂኖም ስብስብ ላይ ካፕቲቭን አስኪዱ፤ የኬ (የካፕሱል ስኳር) እና የኦ (የውጭው ሽፋን ስኳር) ዓይነቶችን ስርጭት ይነግራችኋል። የኬ ዓይነቶች ከመቶ በላይ ሲሆኑ የኦ ዓይነቶች ግን ጥቂት ናቸው።

ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው ዝርዝር

ከ20 እስከ 30 ፕሮቲን ላኩ፤ በኢ ኮላይ ሲመረቱ አንዳንዶቹ ሳይሟሙ ይቀራሉ፣ በርሜሎቹ በትክክል ላይታጠፉ ይችላሉ። ከሲግናል ፔፕታይዱ በኋላ ያለውን ክፍል ብቻ እዘዙ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ፀረ እንግዳ አካል ተፈጠረ ወይ?» አይሁን፤ «ካፕሱሉን በለበሰ ሕያው ባክቴሪያ ላይ ይጣበቃል ወይ?» ይሁን። ቀጥሎ በኮምፕሊመንት መግደሉ ወይም በነጭ የደም ሕዋሳት እንዲዋጥ ማድረጉ ይለካል።

በስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ላይ የተሞከረውን አይኤስዲቢ የተባለ ፕሮቲን እዚህ ላይ አስቡት። በገጽ ላይ ያለ፣ በብዙ ዝርያዎች የሚገኝ፣ ብረት ሲጠፋ በብዛት የሚመረት ፕሮቲን ነበር፤ ዓምዶቹን ሁሉ ያሟላል። ከእሱ የተሠራው ቪ710 የተባለው ክትባት የልብና የደረት ቀዶ ሕክምና በሚደረግላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ኢንፌክሽኑን አልቀነሰም፤ ስታፍ ከያዛቸው መካከልም የተከተቡት ካልተከተቡት ይበልጥ ሞቱ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። በሰንጠረዣችሁ ላይ የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ ተዉለት፤ የሚሞላው በላብራቶሪ የሚለካው የመግደል ውጤት ብቻ ነው።