ለልጆች ሥዕል ስታስተምሩ ብሩሹን አትቀሟቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰንበት ተማሪዎችን ሥዕል አስተምራለሁ። የሚያግዙኝ ወጣቶች ሲመጡ ደስ ይለኛል። ግን ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታሉ። እኔም ተሳስቼበታለሁ።

ዋናው ስህተት የልጁን ሥዕል በራስ እጅ ማስተካከል ነው። እባካችሁ ተዉት! «ቆይ ላሳይህ» ትሉና ብሩሹን ትወስዳላችሁ። ሥዕሉ ያምራል። ልጁ ግን ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ የእሱ አይደለማ።

አንድ ቅዳሜ ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲራመድ እንዲሥሉ ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ ባሕሩን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቀባው። በላዩ ሐምራዊ አበባ በተነበት። «ውኃ እንዲህ ነው እንዴ?» አልኩና ብሩሹን ተቀብዬ አበባውን አንድ በአንድ ሰማያዊ አለበስኩት። ምንም አላለም። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀረ።

እናቱን ፈልጌ አገኘኋት። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነው። መረቡን ጣናን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ እየያዘበት ባዶ እጁን የሚገባበት ወቅት ነበር። እምቦጭ ደግሞ ሲያብብ ሐምራዊ ነው። ጀልባዋ ላይ የሣለውም ሰው አባቱ ኖሯል። የልጁን ጸሎት በቀለም ደፈንኩበት ማለት ነው። በአራተኛው ሳምንት ሲመጣ ጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩትና አዲስ ወረቀት ሰጠሁት። እንደገና አረንጓዴ ቀባው።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን እኮ እንዲሁ ነበሩ። በቆዩ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ሲሰጥሙ ታያላችሁ። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ብትሄዱ፣ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሠዓሊው የዘመኑን ሰው ከቅዱሱ ታሪክ አላስወጣም። እኛ ልጁን ለምን እናስወጣዋለን?

ሌላው፣ ሥርዓቱን ሳይነግሩ «ይህን አይታችሁ ሣሉ» ማለት ነው። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ልጆች ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ይሁዳን እየሣለች «ሲጸጸትስ ሁለተኛው ዓይኑ አይመጣም?» አለችኝ። የኔታን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ጠየቅኳቸው፤ እስኪመሽ አወራን። ዝም ብላ ብትገለብጥ ኖሮ ያ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

ውድ ቀለም ለጀማሪ አትግዙ። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያላችሁም አትሸልሙ።

የአዳራሹን ግድግዳ ከልጆች ጋር ልትሥሉ ካሰባችሁ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አትቀቡ። የጣና ገዳማት ሥዕሎች ብዙዎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። እኛ ይህን ንቀን በቀጥታ ቀባን፤ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የገብርኤል ክንፍ እየተላጠ ወለሉ ላይ ወደቀ። አቡጀዲ ግዙ።

የመጨረሻው ስህተት ጉዞ ላይ ነው። ለባሕር ዳር አዲስ በነበርኩ ጊዜ ማንንም ሳልጠይቅ ልጆቹን ይዤ ጣና ላይ ወዳለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሄድኩ። ሴቶች እንደማይገቡ ያወቅኩት ደሴቱ ጋ ስንደርስ ነው። ስድስት ልጃገረዶች ደብተራቸውን ታቅፈው ጀልባዋ ውስጥ ጠበቁን። ስንመለስ ወንዶቹ ያዩትን ሲያወሩ እነሱ ውኃውን ነበር የሚያዩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቀድማችሁ አባቶችን ጠይቁ፤ ለመሣልም ፈቃድ ያስፈልጋል። አሁን ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነው የምወስዳቸው። ሁሉም ይገባል። ባለፈው ስንሄድ ሴቶቹ ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት አልነሣም ብለው ባለ ጀልባው ሁለቴ ልጅ ላከብን።