ከጣርማበር ወዲያ ስልክ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሥራዬ ቤት ለቤት መረጃ መሰብሰብ ነው። ታብሌት በቦርሳ፣ ስልክ በኪስ ይዤ ከደብረ ብርሃን እየተነሳሁ መንዝን፣ ይፋትንና መርሐቤቴን አዳርሳለሁ። የሰሜን ሸዋ ምድር ደግሞ ለሬዲዮ ሞገድ የሚመች አይደለም፤ ደጋው ሜዳ መስሎ ይሄድና ድንገት ገደል ይሆናል። አንዱ መንደር ከሌላው በዓይን እየታየ ስልኩ አይገናኝም።

ስልክ እምቢ ሲል አብዛኞቻችን «ኔትወርክ የለም» ብለን እንተወዋለን። ችግሩ ግን አንዳንዴ ከቦታው፣ አንዳንዴ አንቴናውን ከተሸከመው የኔትወርክ ማማ፣ አንዳንዴም ከገዛ ስልካችን ነው። ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው «የአንተስ ይሠራል?» በሉት። በተመሳሳይ ኩባንያ መስመር እሱ እየደወለ የእናንተ እምቢ ካለ፣ ችግሩ እጃችሁ ላይ ነው፤ ሲሙን አውጥታችሁ አቧራውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጉ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ኔትወርክ የሚመርጠው ቦታ «አውቶማቲክ» መሆኑን እዩ። የሁሉም ከጠፋ ግን ስልኩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ባትሪ ከመጨረስ በቀር ምንም አይፈይድም።

ምልክቱ አለ፣ ስልኩ ግን አይደውልም

ይህን ከሁሉ በላይ ያየሁት ጓሳ ላይ ነው። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የመንዝ የሣር ምድር ነው። በስተምሥራቅ በኩል ገደሉ አፋፍ ላይ ስትቆሙ የይፋት ቆላ እታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ስልኩም ሁለት ሦስት መስመር ያሳያል። ትደውላላችሁ፣ ዝም ይላል። ትደግማላችሁ፣ ይቆረጣል።

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር የሚነግራችሁ እናንተ ማማውን ምን ያህል እንደምትሰሙት እንጂ እሱ እናንተን መስማቱን አይደለም። ማማው ኃይለኛ ነው። ስልካችሁ የሚመልሰው ግን በ2ጂ ቢበዛ በ2 ዋት፣ በ4ጂ ደግሞ በ0.2 ዋት ገደማ ነው። ርቀቱም ራሱ ገደብ አለው፤ 2ጂ በተለመደው አሠራሩ ከማማው ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ስልክን አያስተናግድም፣ እያንዳንዱ ስልክ የሚናገርበት አጭር ተራ ስላለው የሩቁ ስልክ መልስ ተራው ካለፈ በኋላ ይደርሳልና። በዚያ ላይ አንቴናዎቹ የሚተከሉት እታች ላለው ሕዝብ እንዲያገለግሉ ነው። ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የሚደርሰው ፍርፋሪው ነው።

መፍትሄው ለብዙዎች ግራ ይመስላል፦ ከአፋፉ ወደ ኋላ ተመለሱ። ገደሉ ሲጋርዳችሁ ስልኩ የቆላውን ማማ ይለቅና፣ ካለ፣ በደጋው በኩል ያለውን ቅርቡን ይፈልጋል። ለግማሽ ደቂቃ ፍላይት ሞድ አድርጋችሁ ብትመልሱት ፍለጋውን ከአዲስ ይጀምራል። ሌላ ማማ ከሌለና የሩቁ ብቻ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «2ጂ ብቻ» አድርጉትና ከመደወል ይልቅ መልእክት ላኩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአገሬውን ሰው መጠየቅ ነው። በየመንደሩ «ኔትወርክ የሚይዝበት» የሚባል የታወቀ ቦታ አለ። አንድ ቀን በመንዝ አንድ ቀበሌ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ግቢውን ስዞር አንድ አባት ከደጃቸው ሆነው ተመለከቱኝ።

«ልጄ፣ እሱ እዚያ አይሠራም። ካቡ ላይ ውጣና ፊትህን ወደ መሐል ሜዳ ከተማ አዙር። ጀርባህን ከሰጠኸው ይጠፋብሃል።»

«እሺ አባቴ» ብዬ ወጣሁ። እንዳሉትም ሆነ። የሰው ገላ ሞገዱን ይጋርዳል፤ ፊትን ወደ ማማው ማዞር ብቻውን ለውጥ ያመጣል። የእሳቸው ስልክ ደግሞ በጨርቅ ከረጢት ሆኖ ከመስኮቱ ፍርግርግ ላይ ተንጠልጥሏል። ሲጠራ አያወርዱትም፤ ድምፁን ከፍ አድርገው እዚያው ቆመው ያወራሉ። «ከነቀነቅሁት ይሄዳል» አሉኝ። ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ክንድ ወዲያ ወዲህ ማለት መስመሩን ይበጥሰዋል። እናንተም የሚይዝበትን ነጥብ ካገኛችሁ ስልኩን እዚያው አስቀምጡና በጆሮ ማዳመጫ ተናገሩ።

መልእክቱ አልሄደም ይላል

ጥሪ በማይሠራበት አጭር መልእክት የሚያልፈው ለጥቂት ሰከንድ የተገኘ መስመር ስለሚበቃው ነው። የተቀባዩ ስልክ ቢዘጋም ኔትወርኩ አቆይቶ ያደርስለታል። ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር ግን አለ፦ በፊደላችን የተጻፈ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፤ በላቲን ከተጻፈ 160 ይይዛል። ከ70 ካለፈ ስልኩ ለሁለት ለሦስት ይቆራርጠዋል፤ ደካማ መስመር ላይ ከቁራጮቹ አንዱ ከቀረ መልእክቱ ሙሉ ሆኖ አይደርስም። ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥሩት።

«ሰላም ነኝ። ሞላሌ አድሬ ነገ 3 ሰዓት መሐል ሜዳ እደርሳለሁ።»

ይህ 40 እንኳ አይሞላም፣ የሚያስፈልገውም ሁሉ አለበት። አስቀድማችሁ ጽፋችሁ አዘጋጁት፤ መኪናው ኮረብታ ሲወጣ «ላክ» ማለት ብቻ ይቀራል።

ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ ወይም ጭራሽ አይከፍትም

ከምልክቱ አጠገብ ያለውን ፊደል እዩ። «ኢ» (E) ወይም «ጂ» (G) የሚባለው የላቲን ፊደል ከሆነ ያላችሁት 2ጂ ነው፤ ጽሑፍ ያልፋል፣ ፎቶ ያደክማል፣ ቪዲዮን እርሱት። ቴሌግራም ላይ ፎቶና ቪዲዮ ራሱ እንዲያወርድ የተደረገውን አጥፉ፤ ያ ካልጠፋ አንድ ግሩፕ ብቻ ያለችውን ጭላንጭል ይጨርሳል። ከከተማ ስትወጡ ያልዘጋችሁት ቪፒኤንም (ኢንተርኔቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያዞረው አፕ) በደካማ መስመር ላይ ሌላ ሸክም ነው።

4ጂ በደንብ እያሳየ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ማማው ተጨናንቋል ማለት ነው። የአንዱን ማማ አቅም አካባቢው ሁሉ ይካፈለዋል፤ በገበያ ቀንና ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይብሳል። እኔ የሰበሰብሁትን መረጃ የምልከው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው። ማታ ለሁለት ሰዓት ያህል ታግዬ ያቃተኝ ፋይል በዚያ ሰዓት ሻይ ሳላፈላ ያልቃል።

ጥሪው ደህና ሆኖ ኢንተርኔቱ በጠቅላላ ካልከፈተ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ በኢትዮ ቴሌኮም *804# ነው። ፓኬጅ ካላችሁና ስልኩ አዲስ ወይም ከሰው የተገዛ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ኤፒኤን የሚለው፣ ስልኩ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» በላቲን ይጻፋል። ሁሉም ደህና ሆኖ የማንም ሰው ዳታ ካልሠራ ደግሞ ስልካችሁን አታሠቃዩት። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ስልካቸውን ሊያስጠግኑ ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያሳዝናል። ሥራው በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ሰው ወረቀት ቅጽ መያዝ አለበት፤ እኔ ከዚያ ወዲህ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም።

መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም ተከትሎ ሄደ

ማማው መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ ያ ሲያልቅ ይዘጋል። ስለዚህ ከተማው ከጨለመ «ነገ እደውላለሁ» አትበሉ። የግድ የሆነውን ጥሪና ክፍያ በመጀመሪያው ሰዓት ጨርሱ።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል

ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ያለማቋረጥ ማማ ይፈልጋል፣ ደካማ በሆነበትም በሙሉ ኃይሉ ይልካል፤ ሳትነኩት ባትሪው የሚያልቀው በዚህ ነው። ጀማ ሸለቆ ስትወርዱ ፍላይት ሞድ አድርጉት። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ የማይዘውን ሲም አጥፉ። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ይኑራችሁ፣ ግን የትኛው የት እንደሚይዝ ከሾፌሮች ጠይቁ።

ብርዱም አለ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የመንዝ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በ30 ፐርሰንት ያስተኛችሁት ስልክ ጠዋት ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። አልሞተም፣ በርዶት ነው። ብብት ሥር አሙቁትና አብሩት። ማታ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ባናው (የሱፍ ብርድ ልብሱ) ውስጥ ከእናንተ ጋር አስተኟቸው፤ እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን ደግሞ ሳይሞቅ ቻርጅ ላይ አታድርጉ፣ ባትሪውን ይጎዳዋል።

ከፈልሁ፣ ማረጋገጫው ግን አልመጣም

ቴሌብር በአፕ ብቻ አይደለም፤ *127# ያለ ኢንተርኔት በ2ጂም ይሠራል። አደገኛው ነገር መስመሩ መሐል ላይ ሲቆረጥ ነው። ገንዘቡ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ የዘገየው መልእክቱ ነው። አንድ ጊዜ ለአልጋ ከፍዬ ማረጋገጫው ሲቀር ደግሜ ከፈልሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የማደሪያው ባለቤት «ወንድሜ፣ የእኔም ሁለት ነው የሚለው» ብለው ያለ ክርክር መለሱልኝ። ሁሉ ሰው እንደእሳቸው አይሆንም። እንዲህ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ፤ ካልቀነሰ ብቻ ድገሙ። ለሁለት ቀን የሚሆን ጥሬ ብርም ያዙ።

ካርታው ባዶ ሆነ

ጂፒኤስ ከሳተላይት እንጂ ከማማ አይደለም፤ ያለ ኔትወርክም ያላችሁበትን ያውቃል። የጠፋው ሥዕሉ ነው። ደብረ ብርሃን ዋይፋይ ላይ ሳላችሁ የምትሄዱበትን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ያለ ኢንተርኔት መጀመሪያ ሲፈልግ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ሰማይ በሚታይበት ቁሙና ታገሡት።

ቤት ያለው ሰው ተጨነቀ

ይህን ከስልክ ችግር የማይቆጥረው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለሁለት ቀን መስመር በሌለበት ቀበሌ ቆየሁ። ለእናቴ የት እንደምሄድ አልነገርኋትም ነበር። ስመለስ ከደጅ ቆማ አገኘኋት፤ ዓይኗ አብጧል። ሁለት ሌሊት ደውላለች።

አሁን ስወጣ ከጉዞዬ የጊዜ ሰሌዳ ጋር የማገናኛ ሰው እተውላታለሁ፦ የምሄድበት ቀበሌ ጤና ኬላ ወይም የሾፌሩ ስልክ። ሰሌዳውን በወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፍላታለሁ፦ «ሰኞ ጓሳ፣ አይሠራም። ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ከመሐል ሜዳ። ረቡዕ ጠዋት ካልደወለ ለሾፌሩ።» ማንበብ የእህቴ ልጅ ታነብላታለች። ማክሰኞ ማታ ስደውል ገና አንዴ ሳይጠራ ነው የምታነሳው።